የኮሎኔሉ «አንችልም»

«ጡረታ ወጣሁ» ስል የሚሰማኝ ሰው ሁሉ ይስቃል። ፀጉሬ አልሸበተ፣ ወገቤ አልጎበጠ፤ አርባ ዓመት እንኳን አልሞላኝም። እውነቱን ለመናገር ጡረታ የወጣው ሥራው ነው፤ እኔ ተከትዬው ወጣሁ። ከዩኒቨርሲቲ እንደተመረቅሁ የጀመርኩት የአስተርጓሚነት ሥራ፣ በአካል ተገኝቶ ሰው አጠገብ ተቀምጦ የሚሠራ ነበር። ዛሬ አብዛኛው በስክሪን ሆኗል። አስተርጓሚው ሌላ ስቴት ተቀምጦ፣ ሐኪሙና ሕመምተኛው በታብሌት ያዩታል። የምሠራበት ድርጅት የአማርኛ ክፍሉን ሲዘጋ፣ ሥራ የምትመድብልን ዳያን ደውላ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ዓይን አፋር ሰው የሚያለቅሰው ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ።

ዓይን አፋር ሰው እንዴት በሕዝብ ፊት መናገርን እንጀራው ያደርጋል ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። መልሱ ቀላል ነው። አስተርጓሚ የራሱን ነገር አይናገርም። «እኔ» ሲል እሱ አይደለም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው። በሲያትል፣ በሬኒየር ሸለቆ ክሊኒኮች ውስጥ «እኔ የፕሮስቴት ችግር አለብኝ» ብያለሁ። ፍርድ ቤት ቆሜ «ቀይ መብራት አልጣስኩም፣ ቢጫ ነበር» ብያለሁ። «ባለቤቴ ጥላኝ ሄደች» ብዬ ድምፄ ተቆራርጧል። በራሴ ስም ቢሆን አንዱንም ለመናገር አልደፍርም ነበር። በሰው ስም ግን እንደ ልቤ ተናገርኩ።

ሥራ ስጀምር ባቡሩ ገና አልነበረም። ከማውንት ቤከር እስከ ሬኒየር ቢች በአውቶቡስ እየተመላለስኩ፣ ጠዋት ክሊኒክ፣ ከሰዓት የቤቶች ጽሕፈት ቤት እሠራ ነበር። የሚከፈለን በሰዓት ነው፤ አውቶቡስ የምንጠብቅበት አይቆጠርም። ስለ ክፍያው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ይልቅ ስላስተማሩኝ ሰው ልናገር።

ጋሽ ተካልኝ አዲስ አበባ በትልልቅ ጉባኤዎች ላይ በመስታወት ክፍል ተቀምጠው ሲያስተረጉሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ሲያትል ከመጡ በኋላም ሌላ ሥራ አልሠሩም። ድርጅቱ እሳቸው ዘንድ ለልምምድ የላከኝ ቀን ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ስምሽ ማነው?» አሉ። ነገርኳቸው።

«ምን?»

ደገምኩት።

«አንቺ ልጅ፣ ድምፅ አለሽ?»

«አለኝ ጋሼ።»

«ካለሽ አውጪው እንጂ! ለማን ነው የምታስቀምጪው?»

አንድ አዳራሽ ስንገባ ቀድመው የሚሄዱት ወደ መጨረሻው ረድፍ ነው። በጣም መጥፎ የሚባለውን ወንበር መርጠው ይቀመጡና፣ እኔን መድረኩ አጠገብ አቁመው ወደ ጆሮ ማዳመጫዎቹ በሚያስተላልፈው ማሰራጫ እንድናገር ያደርጉኛል። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ የመጣ ሽማግሌ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሚታሰበው ለእሱ ነው። የጆሮ ማዳመጫዎቹን በመነጽራቸው ጨርቅ አንድ በአንድ ይወለውላሉ። ለብ ያለ ውሃ በፔርሙስ ይይዛሉ፤ ሎሚም ዝንጅብልም አይጨመርበትም። «ጉሮሮ ውሃ እንጂ ሰላጣ አያስፈልገውም» ይላሉ። ተናጋሪውን ከስብሰባው በፊት ጠጋ ብለው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁታል፦ ሰዎቹ ከምትናገረው ውስጥ የትኛውን በተሳሳተ መንገድ እንዳይረዱብህ ትሰጋለህ? ይህን ሲጠየቅ ያልተገረመ ተናጋሪ አላየሁም።

ከሁሉም በላይ አጥብቀው የሚይዙት የወንበር ጉዳይ ነበር። የተናጋሪው አፍ የሚታይበት ቦታ ካልሰጧቸው አይቀመጡም። በዚህ ምክንያት ከስንት አዘጋጅ ጋር ተጨቃጭቀዋል። «ተናጋሪውን አፉን እያየሽ ስሚ» ይሉኝ ነበር፤ «ጀርባውን ከሰጠሽ አስቁሚና አዙሪው።» የሥራው ጥበብ ነው ብዬ ተቀበልኩ፤ እኔም የወንበር ጭቅጭቅ ለመድኩ፣ በአነስተኛ ድምፅም ቢሆን።

ስለ ግስ ያሉኝን እስከ ዛሬ ለጀማሪ አስተርጓሚዎች እደግመዋለሁ። «እንግሊዝኛ ገና ሲነሣ 'አይሆንም' ይልና ዝርዝሩን ያስከትላል። አማርኛ ዝርዝሩን ሁሉ ተሸክሞ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ ነው 'አይሆንም' የሚለው። ስለዚህ እስከ ግሱ የሚያደርስ ትንፋሽ ይኑርሽ። ግሱ ጋ ሳትደርሺ ካለቀብሽ፣ ሰውየውን ያላለውን አስባልሽው ማለት ነው።»

ስለ ስህተት ደግሞ እንዲህ አሉኝ፦ «ስትሳሳቺ 'ተሳሳትኩ' አትበይ። 'እኔ' ያልሽው ሁሉ የሐኪሙ ነውና፣ ሐኪሙ የተሳሳተ ይመስላቸዋል። 'አስተርጓሚዋ ተሳስታለች' ብለሽ አርሚ። ወዲያው። ሰው ሳይነሣ።»

እንዲህ እየተገሠጽኩ ብዙ ዓመት አብረን ሠራን። ከዚያ ሰሜን ኮሪያ ሚሳኤል በላይ በላዩ የምትተኩስበት ጊዜ መጣ። አንዱ በጃፓን ሰማይ ላይ አልፎ ባሕር ውስጥ ወደቀ ተባለ፤ ሲያትል ያለ የኛ ሰው ሁሉ ካርታ አዋቂ ሆነ። ሱቅ ውስጥ በርበሬ የሚገዙ ሰዎች ስለ ሚሳኤል ርቀት ይከራከራሉ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ «ከዚህ ማዶ ውሃ ነው፤ ከውሃው ማዶ እነሱ ናቸው» እያለ በእጁ አየር ላይ የሚስል አይጠፋም። ጭንቀቱ ሲበዛ፣ አንድ የማኅበረሰብ ቡድን ሬኒየር ቢች አዳራሽ ውስጥ የቅዳሜ ከሰዓት ውይይት አዘጋጀ። ርእሱ ቃል በቃል ይህ ነበር፦ ጠላት የሆነ ጎረቤት ሚሳኤል ሲተኩስ አገር ምን መልስ ይስጥ? ደቡብ ኮሪያ ያገለገሉ ጡረታ የወጡ አንድ ኮሎኔልና ስለ ዓለም አቀፍ ግንኙነት የሚያስተምሩ አንዲት ፕሮፌሰር ተጋበዙ። ዳያን ጋሽ ተካልኝንና እኔን መደበችን።

ከስብሰባው በፊት፣ ተናጋሪዎቹ «ሪስፖንስ» ሲሉ በአማርኛ ምን እንደምንል ተከራከርን። እኔ የጋዜጣውን ቋንቋ ይዤ «አጸፋ» ልል ነበር።

«አጸፋ ካልሽ ከሁለቱ ተናጋሪዎች ለአንዱ ወግነሻል» አሉ ጋሽ ተካልኝ። «ምታ ማለት ነው። ያኛዋ ሴትዮ አትምታ ልትል ነው የመጣችው። 'መልስ' በይ። መልስ መተኮስም፣ ማውራትም፣ ዝም ማለትም ሊሆን ይችላል።»

«ጋሼ፣ 'መልስ' ግን የፈተና ይመስላል።»

«ይምሰል! ፈተና አይደል እንዴ?»

ከሁሉ ቀድመው የመጡት እትዬ የሺ ነበሩ። ሬንተን የሚኖሩ፣ ኤርፖርት የሚሠሩ፣ በቤተ ክርስቲያን በዓይን የማውቃቸው ሴት ናቸው። ማዳመጫውን ስሰጣቸው እጄን ይዘው አልለቀቁኝም።

«እሙዬ፣ የኔን ደህና አድርገሽ ቼክ አድርጊልኝ። አንድ ቃል እንዳያመልጠኝ።»

«እሺ እትዬ። ግን ለምን እንዲህ ተጨነቁ?»

«ናቲ እዚያ ነው እኮ። ልጄ። የአሜሪካ ወታደር ነው፤ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ፣ ከድንበሩ ቅርብ።» ማዳመጫውን በቀሚሳቸው ላይ አገላበጡት። «ጊዜው ሊያልቅ ነው። አሁን ደግሞ አንድ ዓመት ጨምር ብለውታል። እኔን ጠየቀኝ። 'እማ፣ አትፈርም ካልሽኝ አልፈርምም' አለኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ኮል ያደርጋል። ሶ፣ ነገሩን ከሚያውቅ ሰው አፍ ሰምቼ ልወስን ነው የመጣሁት።»

አዳራሹ ሞላ። ኮሎኔሉ ረጋ ያሉ፣ ነጭ ፂማቸው በአጭሩ የተከረከመ ሰው ነበሩ። ንግግራቸውን የጀመሩት ኢትዮጵያውያን ወታደሮች በኮሪያ ጦርነት መዝመታቸውን በማመስገን ነው። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ከኋላ አንድ ሰው «የኔም አጎት ዘምቷል!» ሲል፣ ሌላው «አጎቱ ዘመተ፣ ጭብጨባው ለእሱ ሆነ» አለና ሳቅ ሆነ።

ኮሎኔሉ፣ ሚሳኤል ሲተኮስ አገር ዝም ካለ የሚቀጥለው ይበልጥ ቀርቦ ይወድቃል፤ አቅምን ማሳየት ያስፈልጋል አሉ። ፕሮፌሰሯ ደግሞ፣ መተኮስና ማጥቃት አንድ አይደሉም፤ ባሕር ውስጥ የወደቀ ነገር ስለ ተኳሹ ፍርሃትም ሊነግረን ይችላል፤ ከመመለስ በፊት ወዳጅ አገሮችን ማማከር፣ የስልክ መስመሩንም ከጠላት ጋር እንኳን ክፍት ማድረግ ይገባል አሉ። እርስ በርስ ይከባበሩ ነበር፤ አንዳቸው ሲናገሩ ሌላኛቸው ያስታውሱ ዘንድ ይጽፋሉ።

የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ መጀመሪያ የተነሡት ታክሲ የሚነዱት አቶ ሙሉጌታ ናቸው። «እኔ ጥያቄ የለኝም፣ መልስ ነው ያለኝ» አሉ። «ዝም ካሏቸው ይለምዳሉ። አንድ ሲተኩሱ ሁለት መተኮስ ነው! በቃ!»

ጓደኛቸው ከጎን ሆነው ጣልቃ ገቡ። ትግርኛ ቀመስ አማርኛቸውን ሁሉም ስለሚወደው አዳራሹ ቀድሞ መሣቅ ጀመረ። «አንተ ሙሉጌታ፣ ቦታህ ላይ ፓርክ ያደረገውን ጎረቤትህን እስከ ዛሬ ሰላም አትለውም። አገር ብትመራ ኖሮ እኮ አልቀን ነበር!»

ወደ እንግሊዝኛ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ሁሉም ስቆ ከጨረሰ በኋላ ኮሎኔሉ ብቻቸውን ሣቁ። የአቶ ሙሉጌታ ጓደኛ ግን አልተቀመጡም፤ ሳቁ ሲበርድ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጎረቤት ሲተኩስ ምን እንደሚመስል ከዚህ ቤት ስንቶቻችን እናውቃለን» አሉ። እሱን ስተረጉም ማንም አልሣቀም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከአገር ቤቱ የሰሜን ድንበር ወዲህም ወዲያም የመጡ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበርና።

በየግማሽ ሰዓቱ እንለዋወጣለን። ማይክሮፎኑን ለጋሽ ተካልኝ አሳለፍኩ። እትዬ የሺ እጃቸውን አነሡ።

አማርኛቸው አጭርና ቀጥተኛ ነበር። «ልጄ እዚያ ነው። እነሱ ቢተኩሱና እናንተ መልስ ብትሰጡ፣ መሃል ላይ ያለው እሱ ነው። ሶ፣ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ልጆቹን ታስወጧቸዋላችሁ ወይ?»

ኮሎኔሉ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ሲሰሙ ከመድረኩ ወረዱ። እናትን ከከፍታ ላይ ሆኖ መመለስ አልፈለጉም መሰለኝ። ወደ እሳቸው ሲሄዱ ጀርባቸውን ለኛ ሰጡ፤ ማይክሮፎኑንም ከከንፈራቸው አስጠግተው ያዙት። ጋሽ ተካልኝ ከወንበራቸው ግማሽ ተነሡ፣ አንገታቸውን አሰገጉ፣ ተመልሰው ተቀመጡ።

በአሜሪካኖች አፍ «እንችላለን» እና «አንችልም» የሚለዩት በአንዲት በምትዋጥ ድምፅ ነው። አንዱ «ካን» ነው፣ ሌላው «ካንት»፤ መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ት» ብዙ ጊዜ አትሰማም። እንደ እኔ ልጅ ሆኖ እዚህ ያደገ ሰው በአናባቢው ርዝመት ይለያታል። አድጎ የመጣ ሰው ከንፈርና ፊት አይቶ ይገምታል። ኮሎኔሉ «ካንት» አሉ።

በማዳመጫው የጋሽ ተካልኝ ድምፅ ሞቅ ብሎ መጣ፦ «እመቤቴ፣ መልስ ከመስጠታችን በፊት ወታደሮቻችንን ከዚያ ማስወጣት እንችላለን።»

እትዬ የሺ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ተመስገን!» አሉ። «ተመስገን! አንቱ እግዚአብሔር ያክብርዎ!» ጎንበስ ብለው ለኮሎኔሉ እጅ ነሡ። አጠገባቸው የነበረች ሴት እልል አለች፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ኮሎኔሉ ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርገው ቆሙ። ለአንዲት እናት ክፉ ዜና ነግረው ምርቃት የመጣላቸው ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ።

ወደ ጋሽ ተካልኝ ዞርኩ። ፈገግ ብለዋል። የምሥራች ስላበሠሩ ደስ ብሏቸዋል።

ከሆነ በኋላ ሲያወሩት አጭር ነው፤ እዚያ ለተቀመጠ ሰው ግን አልነበረም። እኛ አዋቂ ሰውን በሰው ፊት አናርምም። ያውም መምህርን። ያውም እኔ። እጅጌያቸውን ነካ አድርጌ «ጋሼ፣ 'አንችልም' ነው ያሉት» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ምን?»

«አንችልም ነው፤ 'ካንት' ብለዋል።»

«ምን አልሽኝ?» ጆሯቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ቀኙን።

ነገሩ ሁሉ የገባኝ ያኔ ነው። የወንበር ጭቅጭቁ፣ አፉን እይ ማለታቸው፣ የመጀመሪያ ቀን ስሜን ማስደገማቸው ሳይቀር። ጋሽ ተካልኝ አይሰሙም ነበር። ስንት ዓመት በዓይናቸው ሲያስተረጉሙ ኖረዋል።

እትዬ የሺ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቦርሳቸውን አነሡ። የመጡበትን አግኝተዋል፤ ሊሄዱ ነው። ቤታቸው ገብተው፣ በሳምንቱ ልጃቸውን «ፈርም፤ ከመተኮሳቸው በፊት ያስወጧችኋል» ሊሉት ነው።

ማይክሮፎኑን ከጋሽ ተካልኝ ፊት ሳብኩት። እጄ እንዴት እንደሄደ አላውቅም።

«አስተርጓሚዋ ተሳስታለች፤ ታርማለች» አልኩ። የራሴ ድምፅ በአዳራሹ ማዳመጫዎች ሁሉ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ። «ኮሎኔሉ ያሉት 'አንችልም' ነው። መልስ ከመስጠታችን በፊት ወታደሮቻችንን ማስወጣት አንችልም። አንችልም ነው ያሉት።»

የተናገረው የወንድ ድምፅ ሆኖ ሳለ «አስተርጓሚዋ» ስል ሰዎች ዞረው አዩን። ጋሽ ተካልኝ ቀና ብለው ተቀምጠው ጠረጴዛውን ያዩ ነበር። ለኮሎኔሉም የሆነውን በእንግሊዝኛ አስረዳሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱና ለእትዬ የሺ እንደገና ተናገሩ፤ አሁን ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው፣ ቀስ ብለው። የማያስወጡበትን ምክንያት አስረዱ። ወታደሩን ማስወጣት የጀመሩ ዕለት ያኛው ወገን ጦርነት ሊከፈትብኝ ነው ብሎ ይደነግጣል፤ ደንግጦም ቀድሞ ሊተኩስ ይችላል። ልጆቹ እዚያ መቀመጣቸው ነው ሁለቱንም ወገን ይዞ ያቆየው። «ውሸት ብነግርዎ ደስ ይልዎት ነበር» አሉ፤ «ግን እኔም ልጅ አለኝ።»

እትዬ የሺ አልተቀመጡም። እልልታው የት እንደገባ እንጃ።

«ከመጣሁ ጀምሮ መልስ፣ መልስ ትላላችሁ» አሉ። «እኔ መልስ አልፈለግኩም። መልሱልኝ ነው ያልኩት። ልጄን መልሱልኝ።»

በአማርኛ ሁለቱ ከአንድ ቤት የወጡ ቃላት ናቸው። በእንግሊዝኛ ዝምድና የላቸውም። ቆንጆ ነገር ልፈልግ ብዬ ብዘገይ እናትየዋን መበደል ሆነብኝ። እናንተ ስለ ምላሽ ታወራላችሁ፣ እኔ የጠየቅሁት ልጄ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ነው ብዬ ደረቁን ሰጠኋቸው። የወጣለትን ውበት ጥዬ፣ ሐሳቡን ይዤ ነው የወጣሁት። ኮሎኔሉ ግን ያጡት ነገር ያለ አይመስለኝም። «አዎ» ብቻ አሉ። እኔም «አዎ» አልኩ።

ስብሰባው ሲያበቃ ጋሽ ተካልኝ እንደ ወትሯቸው ማዳመጫዎቹን ሰብስበው በመነጽራቸው ጨርቅ ወለወሉ። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ገመድ እጠቀልላለሁ። መኪናቸው ድረስ ሸኘኋቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?» አልኩ፤ ጮክ ብዬ፣ ፊታቸው ሄጄ።

«ግራው ቆይቷል። ቀኙን ግን ተማምኜ ነበር።»

«በሰው ፊት ስላረምኩዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ዝም ብለሽ ሴትዮዋ ወጥታ ሄዳ ቢሆን ኖሮ ነው ይቅርታ የምትጠይቂኝ።» በሩን ከፍተው ከመግባታቸው በፊት ጣታቸውን አነሡ። «ግን አንድ ስህተት ሠርተሻል። 'አስተርጓሚዋ ተሳስታለች' አልሽ። የተሳሳተው አስተርጓሚው ነው። የወንድ ነበር ግሱ። ሁለተኛ እንዳይለምድሽ።»

ሊያስቁኝ ፈልገው ነበር። መሣቅ ግን አልቻልኩም። ሰኞ ዕለት ራሳቸው ዳያን ጋ ደውለው መሥራት እንዳቆሙ ነገሯት፤ ምክንያቱንም አልሸሸጉም። ከዚያ በኋላ የጆሮ መስሚያ መሣሪያ አስገቡ። ስጠይቃቸው «ምን ዋጋ አለው፤ አሁን ባለቤቴ ስለኔ በስልክ የምታወራው ሁሉ ይሰማኛል» ይሉኛል። ሥራውን የጨረሱት በስህተት ነው የሚሉ ሰዎች ሰምቻለሁ። እኔ ግን ሌላውን ሁሉ ቀን አብሬያቸው ነበርኩ። ለመጨረሻው ረድፍ ሽማግሌ እንደ እሳቸው የተጨነቀ ሰው አላጋጠመኝም።

አስተርጓሚ አስተያየት የለውም። ሥራውን ስለለቀቅሁ ግን አሁን የራሴን ልናገር እችላለሁ፤ ስለዚያ ጥያቄ ብዙ አስቤበታለሁና። ፕሮፌሰሯ ልክ ይመስሉኛል፤ ባሕር ውስጥ ለወደቀ ሚሳኤል የሚሰጠው መልስ ሌላ ሚሳኤል መሆን የለበትም። የሚጠብቅ አገር ፈሪ አይደለም። ኮሎኔሉም ልክ ይመስሉኛል፤ መጠበቅ የሚቻለው ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ካለ ነው። ሁለቱ ያልተነጋገሩበት አንድ ነገር ግን አለ። አገር ለጎረቤቱ ከመመለሱ በፊት የሚመልስላቸው የራሱ ሰዎች አሉት፤ መሃል ላይ ያስቆማቸው ልጆችና እናቶቻቸው። ለእነሱ የሚገባቸው መልስ እውነተኛው ነው፣ ክፉም ቢሆን፣ በሚሰሙት ቋንቋ። ኮሎኔሉ ይህን ማድረጋቸውን ሁልጊዜ አከብርላቸዋለሁ።

ከዚያ ስብሰባ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እትዬ የሺ ደወሉልኝ። ቁጥሬን ከቤተ ክርስቲያን አግኝተው ነው።

«ናቲ ዛሬ ኮል ያደርጋል። ነይልኝ» አሉ። «ከሱ ጋር እንግባባለን፤ 'በላህ ወይ፣ በረደህ ወይ' እንባባላለን። ይሄ ግን ከዚያ ያልፋል። የሱ አማርኛ ለዚህ አይበቃም፣ የኔም እንግሊዝኛ አይበቃም።»

ከሥራ ውጭ የሰው ቤት ሄዶ ማስተርጎም አይፈቀድም። ሄድኩ።

ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈው፣ እኔን ካሜራው ከማያሳይበት ጎን አስቀመጡኝ። ከሰዓት በኋላ ደወለ፤ እዚያ እሑድ ጠዋት ነው። ፀጉሩን የተላጨ፣ የእናቱን ጉንጭ የያዘ ልጅ ነበር። ማን እንደሆንኩ ስነግረው «ኦኬ፣ ኩል» አለና በእንግሊዝኛ ቀጠለ። እኔም እሱን ሆንኩ።

«እማ፣ እኔ እዚህ ያለሁት እንዲተኮስ አይደለም፤ እንዳይተኮስ ነው። ሁላችንም ብንሄድ ያኔ ነው የሚብሰው።»

«ኮሎኔሉም እንደዚያ ብሎኛል» አሉ እናቱ። «እውነት ነው፣ አምኛለሁ። ግን ያ የአገር መልስ ነው። እኔ ያንተን ነው የጠየቅሁህ። አንተ ራስህ ምን ትላለህ?»

ተረጎምኩለት። ከካሜራው ዞር ብሎ ለእኔ ብቻ እንደሚናገር ሰው፣ በፍጥነት፣ በእንግሊዝኛ፣ አንዳንድ ጠዋት የማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲሞከር እጄ ይንቀጠቀጣል አለኝ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እስኪያቆም እጠብቃለሁ አለ። ከዚያ «ይሄንን አትንገሪያት» ብሎ ጨመረ።

አስተርጓሚ የተባለውን ሁሉ ይናገራል፤ ሕጋችን ይኸው ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት። እትዬ የሺ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

«ተይው እሙዬ። ገብቶኛል።»

ወደ ስልኩ ተጠጉ። በዚያው ኤርፖርት በሚሠሩበት እንግሊዝኛ፣ ጊዜውም ግሱም በተዘበራረቀ እንግሊዝኛ፣ የኔም እጅ ይንቀጠቀጣል አሉት። ሌሊት ሌሊት፣ ዜና ሳይ፣ ስልክ ሲጮህ። እጃቸውን አንሥተው ካሜራው ፊት ዘረጉለት።

ልጁ የእናቱን እጅ አየው።

«አልፈርምም፣ እማ» አለ። በአማርኛ ነው ያለው፤ ሕፃን ሳለ የተማረው አማርኛ፣ «ር»ዋ አሜሪካዊት ሆና።

«እስቲ ድገመው።»

«አልፈርምም። ወደ ቤት እመጣለሁ።»

ማንም ወደ እኔ አልዞረም። ቦርሳዬን አነሣሁና በሩን እንዳይሰማ አድርጌ ቀስ ብዬ ዘጋሁት።